ስለ አጋታ ክሪስቲ፦ ይህን ጥበብ ከየት ተማረችው?

ጥያቄ፤ የንባብ ወዳጅ

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ እንግሊዛዊቷ የመርማሪ ልብ ወለድ ደራሲ ስለ አጋታ ክሪስቲ የተጻፉ ጽሑፎችን ሳገላብጥ ሰንብቼ አንድ ነገር ቅር አለኝ። ካነበብኳቸው መካከል አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት እ.ኤ.አ. በ1926 መጨረሻ ከቤቷ ወጥታ ለ11 ቀናት በመሰወሯ ዙሪያ ነው። 85 ዓመት የኖረች፣ 66 የመርማሪ ልብ ወለዶችንና 14 የአጫጭር ታሪኮች መድበሎችን የጻፈች፣ የተሸጡት መጻሕፍቷ 2 ቢሊዮን ቅጂ ይደርሳሉ የሚባልላት፣ በዩኔስኮ የትርጉም ሥራዎች መዝገብም ከደራስያን ሁሉ ብዙ ጊዜ በመተርጎም ቀዳሚ የሆነች ሴት በ11 ቀናት ብቻ ስትታወስ ማየት ለእኔ ተገቢ ሆኖ አልታየኝም።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። አጋታ በሴፕቴምበር 15 ቀን 1890 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ቶርኪ በምትባል የደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ ስትወለድ ቤተሰቧ የተደላደለ ኑሮ ነበረው። አሜሪካዊው አባቷ የሞተው እሷ ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳለች ሲሆን፣ የቤቱም ሀብት እየሳሳ ሄደ። መደበኛ ትምህርት ቤት እምብዛም አልገባችም፤ እናቷ ልጅ 8 ዓመት ሳይሞላው ማንበብ የለበትም የሚል አቋም ስለነበራት ፊደል የለየችውም በራሷ ጥረት ነው። ፓሪስ ሄዳ ፒያኖና ዘፈን ብታጠናም ሰው ፊት መቆም ስለሚያስፈራት ሙዚቀኛ የመሆን ሐሳቧን ተወችው። እንግዲህ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልረገጠች፣ ፖሊስም ጠበቃም ያልነበረች፣ በተፈጥሮዋ ዓይን አፋር የሆነች ሴት፣ አንባቢን ሳትዋሽ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እያሳሳተች የምትወስድበትን ጥበብ ከየት አገኘችው? ከዚሁ ጋር አያይዤ፣ ገጸ ባሕርያቷ ሥጋና ደም የላቸውም የሚለውን የቆየ ትችት እንዴት እንደምታዩት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አንድ ልመና አለኝ፤ ገና ያላነበበ ሰው ስለሚኖር የየመጽሐፉን ገዳይ ማንነት እባካችሁ አትግለጹ።

መልስ፤ ፋርማሲስቱ

ለጥያቄው ቢያንስ ግማሽ መልስ የሚገኘው ከእኔ ሙያ ስለሆነ በደስታ እጽፋለሁ፤ ለሙያዬ ካደላሁ ግን አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲነሣ አጋታ በቶርኪ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ በተከፈተው የቀይ መስቀል ሆስፒታል በበጎ ፈቃደኝነት ቁስለኞችን ማስታመም ጀመረች። በዚያው ዓመት በገና ዋዜማ የጦር አውሮፕላን አብራሪ የነበረውን አርቺባልድ ክሪስቲን አገባች፤ የምናውቃትም በእሱ ስም ነው። በኋላ ሆስፒታሉ የራሱን የመድኃኒት ክፍል ሲያቋቁም ወደዚያ ተዛወረች፤ የሚፈለግባትንም ፈተና አልፋ መድኃኒት የማደል ፈቃድ አገኘች። በዚያ ዘመን መድኃኒት እንደ ዛሬው በፋብሪካ ታሽጎ አይመጣም ነበር። እያንዳንዱ ጠርሙስና እያንዳንዱ ቅባት በሐኪሙ ትእዛዝ መሠረት በእጅ ተመዝኖ፣ ተፈጭቶና ተቀላቅሎ ነው ለበሽተኛው የሚደርሰው። የሚያድነውና የሚገድለው አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ልዩነቱ የመጠን ነው።

በግለ ታሪኳ ውስጥ ስለዚህ ጊዜ ከተረከቻቸው ነገሮች ሁለቱ ከአእምሮዬ አይጠፉም። ሥራውን ያስተምራት የነበረው የከተማው ፋርማሲስት በፊንጢጣ የሚሰጥ መድኃኒት ሲያዘጋጅ የነጥቡን ቦታ አሳስቶ መጠኑን አሥር እጥፍ ያደርገዋል። እሷ ስሕተቱን አየች፤ ነገር ግን ገና ተማሪ ስለሆነች አስተማሪዋን ተሳስተሃል ማለት አልደፈረችም። ስለዚህ የተደናቀፈች መስላ መድኃኒቱ የተደረደረበትን ሰሌዳ ጣለችውና እንዳይተርፍ በእግሯ ረገጠችው። ይኸው ሰው ኩራሬ የተባለውን መርዝ ቁራጭ በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። ለምን እንደሚይዘው ሲጠየቅ ኃይለኛነት እንዲሰማው ስለሚያደርገው መሆኑን ነገራት። ከ40 ዓመታት በላይ ቆይታ በ1961 «ሐመሩ ፈረስ» የተባለውን መጽሐፏን ስትጽፍ ያ ሰው ትዝ ብሏታል። ታላላቅ የወንጀል መዛግብትን ሳታገላብጥ፣ ጨዋና የተከበረ የከተማ ነዋሪ በኪሱ ሞትን ይዞ እንደሚዞር ያወቀችው በዚያ ክፍል ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያ ልብ ወለዷ የሆነው «በስታይልስ የተፈጸመው ምስጢራዊ ድርጊት» የተወለደውም እዚያው ነው። ታላቅ እህቷ ማጅ የመርማሪ ታሪክ መጻፍ አትችይም ብላ ተከራክራት ነበር፤ የመድኃኒት ክፍሉ ሥራ ደግሞ ጥድፊያና ፋታ የሚፈራረቁበት ስለነበር ለማሰብ ጊዜ ሰጣት። ዙሪያዋን መርዝ ስለከበባት አሟሟቱ በመርዝ እንዲሆን ወሰነች። መርማሪውን ለማግኘትም ሩቅ አልሄደችም፤ ጀርመን ቤልጅየምን ስትወር ሸሽተው ቶርኪ የገቡ ስደተኞች ስለነበሩ ሄርኩል ፖይሮን ጡረታ የወጣ የቤልጅየም ፖሊስ አደረገችው። መጽሐፉን በ1916 ብትጽፈውም አሳታሚዎች እየመለሱባት ዓመታት አለፉ፤ በ1920 ሲታተም በመጀመሪያ ያገኘችው 25 ፓውንድ ብቻ ነው። ከተጻፉለት ግምገማዎች ሁሉ ያስደሰታት የመድኃኒት ባለሙያዎች መጽሔት ላይ የወጣው ነበር፤ መርዙ ባለሙያ በሚቀበለው መንገድ መቅረቡን አመስግኗልና።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ ከፋርማሲ ያገኘችው ትልቁ ነገር የመርዞችን ስም ማወቅ አይመስለኝም። ከአንድ ጠርሙስ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንም ያነበዋል፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ። አደጋው ያለው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። የክሪስቲ ታሪክ ውስጥ ማስረጃው ሁሉ በግልጽ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ዓይናችን ሥር ተቀምጧል፤ አንዱ ምዕራፍ 3 ላይ፣ ሌላው ምዕራፍ 14 ላይ ስለሆነ ግን አናቀላቅላቸውም። እሷ የምትቆጣጠረው በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ነው። አንባቢን ሳትዋሽ ታሳስታለች ያሉትም ይህ ነው።

የእውቀቷን ትክክለኛነት የሚያሳይ አንድ ነገር ልጨምር። እሷ ከሞተች በኋላ፣ በ1977፣ ከኳታር ወደ ለንደን ሐመርስሚዝ ሆስፒታል የመጣች አንዲት ሕፃን ሐኪሞች ምንነቱን ሊለዩት ባልቻሉ ሕመም ስትሠቃይ፣ በክፍሉ የምትሠራ ነርስ «ሐመሩ ፈረስ»ን እያነበበች ስለነበር የፀጉሩ መርገፍና ሌላው ምልክት በመጽሐፉ ከተገለጸው የታሊየም መመረዝ ጋር መመሳሰሉን ተናገረች። ምርመራ ሲደረግ ታሊየም ሆኖ ተገኘ፤ ሕፃኗም ተገቢው ሕክምና ተሰጥቷት አገገመች።

መልስ፤ የታሪክ ተማሪ

የፋርማሲስቱን መልስ በአክብሮት ብቀበልም ስለ 1926 አናንሣ በሚለው የጠያቂው ሐሳብ ላይ አልስማማም። ጋዜጦች ያራገቡት ነገር ስለሆነ ብቻ ከሕይወቷ ቆርጠን ልንጥለው አንችልም፤ ሊተው የሚገባው ግምታችን ነው እንጂ ክስተቱ አይደለም።

በዚያ ዓመት የጸደይ ወራት እናቷ ሞተች። አጋታ አሽፊልድ የተባለውን የልጅነት ቤቷን ብቻዋን እያጸዳች፣ የእናቷን ዕቃ እያራገፈች በሐዘን ስትደክም፣ ባሏ ናንሲ ኒል የተባለች ሌላ ሴት እንደወደደና ፍቺ እንደሚፈልግ ነገራት። በዲሴምበር 3 ምሽት የ7 ዓመት ልጇን ሮዛሊንድን ቤት ትታ በመኪናዋ ወጣች። በማግሥቱ መኪናው በሰሪ አውራጃ ኒውላንድስ ኮርነር ከሚባል ቦታ ቁልቁል ተንሸራትቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ተገኘ። ፖሊሶችና በሺህ የሚቆጠሩ ፈቃደኞች ሜዳውን አሰሱ፤ አውሮፕላን ሳይቀር ተሰማራ፤ የሼርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ጓንቷን መናፍስት እጠራለሁ ለሚል ሰው ሰጥቶ አስጠየቀ። እንዲህ ያለውን መንገድ ሼርሎክ ሆምስ ቢሰማ ምን ይል እንደነበር ለአንባቢ እተዋለሁ። በዲሴምበር 14 ቀን በሰሜን እንግሊዝ ሃሮጌት ከተማ በአንድ ሆቴል ተገኘች፤ በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ስም ከኬፕታውን የመጣች ቴሬሳ ኒል የሚል ነበር። የመረጠችው የአባት ስም የማን እንደሆነ ልብ ይሏል።

ሐኪሞች የማስታወስ ችሎታዋን አጥታ ነበር አሉ፤ ጋዜጦች መጽሐፍ ለመሸጥ የተደረገ ብልሃት ነው አሉ፤ እሷ በግለ ታሪኳ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ለማወቅ የሚጓጓ ሰው ሜሪ ዌስትማኮት በሚል የብዕር ስም በ1934 ያሳተመችውን «ያላለቀው ምስል» የተባለ ልብ ወለድ ቢያነብ፣ እናቷን ያጣችና ባሏ የከዳት ሴት ሕይወት ከሷ ሕይወት ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ያያል። በዚህ የብዕር ስም በጠቅላላው 6 መጻሕፍት ጽፋለች፤ ማንነቷም እስከ 1949 ሳይታወቅ ቆይቷል።

ለጠያቂያችን ግን ዋናው ከዚያ በኋላ የሆነው ይመስለኛል። በ1928 ስትፋታ ራሷንና ልጇን የምታስተዳድርበት ገንዘብ የሚገኘው ከብዕሯ ብቻ ነበር። «የሰማያዊው ባቡር ምስጢር»ን በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆና በግድ ጻፈችው፤ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻም መጽሐፉን ጠልታው ኖራለች። ሆኖም ለደስታዋ ከምትጽፍ ሰው ወደ ባለሙያ ደራሲነት የተሻገረችው ያን ጊዜ መሆኑን ራሷ ተናግራለች፤ ባለሙያ ማለት መጻፍ ሳይፈልግም፣ የሚጽፈውን ሳይወደውም የሚጽፍ ነው በሚል ስሜት። ከዚያ በፊት በ1926 አጋማሽ የወጣው «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» ተሰጥኦዋን አስመስክሯል፤ ለቀጣዮቹ 45 ዓመታት በየዓመቱ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ መጽሐፍ እንድታወጣ ያደረጋት ግን ያ የጨለማ ዘመን ያስተማራት የሥራ ዲሲፕሊን ነው።

መልስ፤ የቅርስ ባለሙያ

ሁለቱም መልሶች ጥሩ ሆነው ሳለ እስካሁን ምሥራቁ አልተነሣም። አጋታ ከፍቺው በኋላ በ1928 መከር ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ለመሄድ ቲኬት ቆርጣ ነበር፤ እራት ላይ ያገኘቻቸው ባልና ሚስት ስለ ባግዳድ ሲያወሩ ሰምታ በማግሥቱ ጉዞዋን ለወጠችና በኦሪየንት ኤክስፕረስ ባቡር ብቻዋን ተነሣች። በዘመኑ ለአንዲት የተፋታች ሴት ይህ ቀላል ድፍረት አልነበረም። በደቡብ ኢራቅ ሊዮናርድ ዉሊ የጥንቷን የዑርን ከተማ የሚቆፍርበትን ቦታ ጎበኘች፤ በ1930 ተመልሳ ስትሄድም አስጎብኚ ሆኖ የተመደበላት በ14 ዓመት የሚያንሳት ወጣት አርኪዮሎጂስት ማክስ ማሎዋን ነበር። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ተጋቡ፤ ትዳራቸውም እሷ እስክትሞት ዘለቀ።

ከዚያ ወዲያ አጋታ እንግዳ ሆና የምትቀመጥ ሚስት አልነበረችም። በአርፓቺያ፣ በሰሜን ሶርያ በቻጋር ባዛርና በቴል ብራክ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በአሦራውያን ዋና ከተማ በኒምሩድ ፎቶግራፍ ታነሣ፣ ሸክላ ትገጣጥም፣ ዕቃ ትመዘግብ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ልብ ወለዷን ትጽፋለች። በኒምሩድ ከጉድጓድ የወጡትን ከዝሆን ጥርስ የተቀረጹ ጥንታዊ ምስሎች ጭቃ ለማስለቀቅ የራሷን የፊት ቅባትና ቀጭን የሹራብ መሥሪያ መርፌ ትጠቀም እንደነበር ጽፋለች። ቅባቱ ቶሎ ቶሎ ስለሚያልቅ ለፊቷ የሚተርፍ አልነበረም። ከእነዚያ ምስሎች አንዳንዶቹ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ።

ከዚህ ዓለም የወጡት መጻሕፍት ስማቸው የታወቀ ነው። «ግድያ በኦሪየንት ኤክስፕረስ» በ1934፣ «ግድያ በመስጴጦምያ» በ1936፣ «ሞት በአባይ ላይ» በ1937 ታተሙ። ባቡሩ በ1929 ቱርክ ውስጥ በበረዶ ተይዞ ለቀናት መቆሙ፣ እሷም ራሷ በ1931 ስትመለስ ጎርፍ ሐዲዱን አበላሽቶባት መንገድ ላይ መጉላላቷ ለመጀመሪያው መጽሐፍ መነሻ ሆኗል። ስለ ሦስተኛው ለእኛ አንባቢዎች አንድ ነገር ልበል፤ ርዕሱ የራሳችንን ወንዝ ቢያስታውሰንም መርከቡ የሚጓዘው ከአስዋን አቅራቢያ እስከ ዋዲ ሃልፋ ስለሆነ ወደ ምንጩ የሚመጣ የለም፤ ተሳፋሪዎቹም ከግብፃውያን ይልቅ እርስ በርሳቸው የሚተያዩ ፈረንጆች ናቸው።

ጥበቡን በሚመለከት ግን የምፈልገው እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አለ። ፖይሮ የምርመራ ዘዴውን ሲያስረዳ በአንድ ቁፋሮ ቦታ ካየው ጋር ያመሳስለዋል። ቆፋሪው ያገኘውን ዕቃ ጎትቶ አያወጣውም፤ ዙሪያውን ያለውን ልል አፈር በጥንቃቄ ጠርጎ ዕቃው ብቻውን ሲቀር ያየዋል። አጋታ ይህን ከመጽሐፍ አላነበበችውም፤ በብሩሽና በቢላ ሲሠራ ለዓመታት አይታዋለች። ፋርማሲው ማስረጃን እንዴት መበተን እንደሚቻል ካስተማራት፣ ቁፋሮው መርማሪዋ የተበተነውን እንዴት እንደሚሰበስብ አስተምሯታል ብዬ አምናለሁ። በ1944 ከክርስቶስ ልደት 2000 ዓመት ገደማ በፊት በነበረችው ግብፅ ውስጥ የሚካሄድ ሙሉ የግድያ ታሪክ ለመጻፍ መድፈሯም የዚሁ ውጤት ነው፤ በዚያም ዘመን ርስትና ቅናት ሰው እንደሚያስገድሉ ለማሳየት ብዙ አልተቸገረችም።

የንባብ ወዳጅ

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የታሪክ ተማሪው ያነሡትን ተቃውሞ ተቀብያለሁ፤ ፍቺው ወደ ሥራዋ ያመጣውን ነገር በዚህ መልክ የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም ነበር። ሁለተኛው ጥያቄዬ ግን እስካሁን ሳይነካ ቀርቷል። ገጸ ባሕርያቷን በሚመለከት የሚሰጠው ትችት፣ እንዲሁም ለባዕዳን ያላት አመለካከት አንዳንድ ቦታ ሲጎረብጠኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መልስ፤ የሥነ ጽሑፍ መምህር

መጎርበጡ ተገቢ ነው፤ ሊሸፈንም አይገባውም። በተለይ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በጻፈቻቸው መጻሕፍት ውስጥ ስለ አይሁዳውያን የሚነገሩ አንዳንድ ዓረፍተ ነገሮች የመደቧንና የዘመኗን ንቀት ሳያላምጡ የሚደግሙ ናቸው። በ1939 እንግሊዝ ውስጥ የታተመው፣ አሁን «ከዚያም አንድም አልቀረም» በሚል የሚታወቀው መጽሐፏ በመጀመሪያ የወጣው ጥቁሮችን በሚያዋርድ ርዕስ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ወዲያውኑ በ1940 ተለወጠ፤ እንግሊዝ ውስጥ ግን ያ ርዕስ ለአሥርተ ዓመታት ቆየ። መጽሐፉ ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ ስለሆነ ይህ የታሪኩ ክፍል ነው።

ስለ ገጸ ባሕርያቱ ትችቱን የሰነዘሩት ቀላል ሰዎች አልነበሩም። አሜሪካዊው የመርማሪ ልብ ወለድ ደራሲ ሬይመንድ ቻንድለር በ1944 የእንግሊዞቹን የግድያ ታሪክ ከእውነተኛ ሕይወት የራቀ ጨዋታ ነው ብሎ ሲነቅፍ፣ ሐያሲው ኤድመንድ ዊልሰን በ1945 በኒው ዮርከር መጽሔት ላይ ሮጀር አክሮይድን ማን ገደለው ብሎ የሚጨነቅ ማን ነው የሚል ይዘት ባለው ርዕስ አጥላላው። እውነት ለመናገር ጡረተኛው የጦር መኮንን፣ ቄሱ፣ ሐኪሙ፣ ሀብታሟ መበለት ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ይመላለሳሉ፤ ውስጣዊ ሕይወታቸውንም የምናውቀው በጥቂቱ ነው።

እኔ የምጨምረው እነዚህ የታወቁ ዓይነቶች በእጇ መሣሪያ መሆናቸውን ነው። አንባቢ ሐኪም ሲያይ ሐኪም ይታመናል ብሎ ያስባል፤ አሮጊት ሲያይ አሮጊት አትጠቅምም ይላል፤ ቋንቋው የሚሰባበር ጢማም የውጭ አገር ሰው ሲያይ ይስቃል። ክሪስቲ የምታጠቃው ይህን የተቀመጠ ግምታችንን ነው። ሁለቱን ታላላቅ መርማሪዎቿን ተመልከቱ። ፖይሮ ስደተኛ ነው፤ እንግሊዞች ስለሚንቁት ፊቱ ያለ ጥንቃቄ ይናገራሉ፤ እሱም ሲፈልግ እንግሊዝኛውን ሆን ብሎ ያበላሻል። በ1927 መጨረሻ በአጭር ታሪክ ብቅ ብላ በ1930 «በቄሱ ቤት የተፈጸመው ግድያ» ወደ ልብ ወለድ የገባችው ሚስ ማርፕል ደግሞ ሹራቧን የምትሠራ፣ ማንም ከቁጥር የማያስገባት የገጠር ላጤ አሮጊት ናት። ደራሲዋ ይህችን ሴት ስትቀርጽ የአያቷን ባልንጀሮች አስባለች፤ አያቷ ደስተኛ ሰው ብትሆንም ስለሰው ሁሉ ክፉውን ትጠረጥርና ብዙ ጊዜ እውነት ሆኖ ይገኝ ነበር። ስለዚህ ለባዕዳን ንቀት ያለበት ዓረፍተ ነገር የጻፈችው እጅ፣ 33 ልብ ወለዶችን በአንድ የተናቀ ባዕድ ላይ መሥርታለች። ይህ ተቃርኖ በቀላሉ የሚፈታ አይመስለኝም፤ እኔም አልፈታሁትም።

ስለ ፍትሐዊ ጨዋታ ፋርማሲስቱ ያሉትን የሚያጠናክር ታሪክ አለ። በ1930 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው የመርማሪ ልብ ወለድ ደራስያን ክበብ አባላቱን የሚያስምላቸው፣ መርማሪያቸው ወንጀሉን በመለኮታዊ መገለጥ ወይም በአጋጣሚ እንዳይፈታ፣ ወሳኝ ማስረጃም ከአንባቢ እንዳይሰወር ነበር። ክሪስቲ በኋላ የክበቡ ፕሬዚዳንት ሆና እስከ ሞቷ አገልግላለች፤ ሹመቱን የተቀበለችው ግን ንግግር አላደርግም የሚል ቅድመ ሁኔታ አስይዛ ነው።

በመጨረሻዎቹ መጻሕፍቷ ላይ ጥበቧ መድከሙንም መደበቅ አይገባም። በ1972 የወጣው «ዝሆኖች ያስታውሳሉ» የሐሳብ መዝረክረክ ይታይበታል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 መጻሕፍቷን በኮምፒዩተር መርምረው በመጨረሻ ዘመኗ የምትጠቀምባቸው ልዩ ልዩ ቃላት ብዛት በእጅጉ መቀነሱን አሳይተዋል፤ ይህም የመርሳት ሕመም ምልክት ሊሆን እንደሚችል ገምተዋል። በሕይወት ሳለች እንዲህ ያለ ሕመም እንዳለባት የተነገረ ነገር አልነበረም።

መልስ፤ ፋርማሲስቱ

መምህር፣ ስለ ገጸ ባሕርያቱ ያሉትን አብዛኛውን እቀበላለሁ፤ ሁሉም ግን እንዲያ ሳሱ ማለት ይከብደኛል። በ1942 የወጣውን «አምስት ትንንሽ አሳማዎች» ይመልከቱልኝ። አንድ ሠዓሊ ከተመረዘ 16 ዓመት አልፏል፤ ሚስቱ ተፈርዶባት እስር ቤት ሞታለች፤ ፖይሮ የተረፉትን አምስት ሰዎች ስለዚያ ቀን ይጠይቃቸዋል። እያንዳንዱ የሚያስታውሰው ያንኑ ቀን ሆኖ ሳለ የምናየው ግን አምስት የተለያየ ቀን ነው። እኔ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያዘንኩላቸው ሰዎች የወረቀት ሰዎች አልነበሩም።

መልስ፤ ቲያትር ወዳድ

ስለ መድረክ ሥራዋ ማንም ስላላነሣ እኔ ላክል፤ ትሩፋቷን ከመጻሕፍቱ ብቻ መለካት ያጎድለዋልና። «የአይጥ ወጥመድ» የተባለው ተውኔቷ መነሻው ንግሥት ሜሪ 80 ዓመት ሲሞላቸው በ1947 ለቢቢሲ ሬዲዮ የጻፈችው አጭር ድራማ ነው። ለንደን ውስጥ መታየት የጀመረው በኖቬምበር 25 ቀን 1952 ሲሆን፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከማርች 2020 እስከ ሜይ 2021 ከመቋረጡ በቀር እየታየ ቆይቷል፤ በዓለም ላይ ይህን ያህል ዘመን በመድረክ የቆየ ሌላ ተውኔት የለም። በየምሽቱ መጨረሻ ተመልካቾች የገዳዩን ማንነት ለሌላ እንዳይናገሩ ይለመናሉ፤ ጠያቂያችን እዚህ እንደለመኑን ማለት ነው። የሚገርመው የዚህን ተውኔት ገቢ መብት ለልጅ ልጇ ለማቲው ፕሪቻርድ ገና ልጅ ሳለ የልደት ስጦታ አድርጋ ሰጥታዋለች። በግብር ጉዳይ ብዙ የተጉላላች ሴት ስለነበረች በ1955 የራሷን ኩባንያ አቋቁማ ድርሰቶቿን በሱ ሥር አስገብታለች። በ1968 የዚያን ኩባንያ 51 በመቶ ድርሻ የገዛው ቡከር ነው፤ ሥነ ጽሑፋዊ ልቀት የሚሸለምበትን የቡከር ሽልማትን የመሠረተው ያው ድርጅት መሆኑን ኤድመንድ ዊልሰን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

በ1971 ዴም የሚለውን የክብር ማዕረግ አገኘች። በ1974 በሲድኒ ሉሜት አዘጋጅነት የተሠራውን የ«ግድያ በኦሪየንት ኤክስፕረስ» ፊልም ምርቃት ላይ ተገኝታ ወዳዋለች፤ የፖይሮ ጢም ግን እሷ እንደጻፈችው ያማረ አይደለም ብላ ቅር ተሰኝታለች። በጃንዋሪ 12 ቀን 1976 በዎሊንግፎርድ አቅራቢያ ባለው ቤቷ ሞተች። በዴቨን የሚገኘው ግሪንዌይ የተባለው የበጋ ቤቷ ዛሬ በብሔራዊ ቅርስ ድርጅት ሥር ሆኖ ለጎብኚዎች ክፍት ነው።

አዲስ ለሚጀምር አንባቢ ከየት ይጀምር ለሚለው የኔ ምክር «በስታይልስ የተፈጸመው ምስጢራዊ ድርጊት»ን አስቀድሞ፣ ከዚያ «የሮጀር አክሮይድ ግድያ»ን፣ ቀጥሎ «ከዚያም አንድም አልቀረም»ን እንዲያነብ ነው፤ ፋርማሲስቱ ያነሡት «አምስት ትንንሽ አሳማዎች» ጥቂት ከተለማመዱ በኋላ ይሻላል። «መጋረጃ» የተባለውን ግን ማንም እንዳይቸኩልበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ቦምብ ለንደን ላይ ሲወርድ ጽፋ በካዝና ያስቀመጠችው፣ በ1975 ብቻ እንዲታተም የፈቀደችው የፖይሮ የመጨረሻ ታሪክ ነው፤ በወጣ ጊዜ ኒው ዮርክ ታይምስ ለፖይሮ በፊት ገጹ የሐዘን ዜና አትሞለታል። ታሪኩ የሚካሄደው በዚያው በስታይልስ ቤት ስለሆነ የመጀመሪያውን ያላነበበ ሰው ግማሹን ደስታ ያጣዋል።